ሐሙስን ማን በላው?

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ተኝተው፣ ሳህኑ ታጥቦ ከተደፋ፣
የፅናትን ያምና ደብተር ገልጬ፣ ንጹሕ ገጽ ፍለጋ ስለፋ፣
ሰባት ሳጥን አሰመርኩ በማስመሪያዋ፣ ለያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ፤
ሰኞ ምስር፤ ማክሰኞ ድንች በካሮት፤ ረቡዕ ጾም ነው፣ ሽሮ የግድ።
ሐሙስ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ፤ የወሩን አጋማሽ አሰበ፤
ደፈረና «እንቁላል፣ ስድስት» ብሎ፣ ቃሉን በክብ ከበበ።
ዓርብ ጎመን። እሁድ የተረፈው። ቅዳሜን ግን ባዶ ተውኩት፣
ደሞዝ ከወጣ ይሙላው ብዬ፣ ቦታ ብቻ ያዝኩለት።

ይርዳው ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ሥጋ የሚል ቃል የለም ወይ?» አለ፤
«ነበረ» አልኩት፣ «ያለፈውን ገጽ እይ፣ በቀስት ወደዚህ ተባለ፤
ከሳምንት ሳምንት እየገፋሁት፣ ይኸው ጥቅምትን አጋመሰ፤
እንግዲህ ገናን ይጠብቅ፣ በራሱ እግር እየገሰገሰ።»

ሽንኩርት ሦስት ኪሎ ጻፍኩ። ሰረዝኩ። ሁለት።
ዘይት፦ ሸማቾች ይጠየቅ። ስኳር፦ የጥያቄ ምልክት።

እሁድ ጠዋት አባዶ ሜዳ፣ አይሱዙው ጭነቱን ሳያራግፍ፣
ቲማቲም ሻጩ «መምረጥ የለም!» እያለ ሲለፈልፍ፣
እጄ የራሷ ዓይን አላት፣ ከሥር ጠንካራ ጠንካራውን ስትዘርፍ፤
ካሮት በመደብ፣ ሽንኩርት በሚዛን፣ ቃሪያ በምርቃት፣ ቆጥሬ፣
አራተኛ ፎቅ ወጣሁ፣ የወጣውን ብር በጉልበቴ መንዝሬ።

ማክሰኞ ሲመሽ በር ተንኳኳ።
የይርዳው አጎት ጋሽ ደባልቄ፣ ከሸኖ፣ በፌስታል የባቄላ እሸት አንጠልጥሎ፤
ነገ የፍርድ ቤት ቀጠሮ አለው፣ የወሰን ክስ፣ መዝገቡን በጉያው ጠቅልሎ።
«ምንም እንዳታስቸግሩ» አለ። እንዲህ የሚል ሰው ርቦታል።
ድንቹ ድስት ውስጥ ሆኖ አፈረ፤ እንግዳን ድንች ብቻ ያበሉታል?
ይርዳው አየኝ፤ አየሁት፤ ሳንነጋገር ተግባባን፤
ስድስቱም እንቁላል መጥበሻ ላይ ገቡ፤ ከድንቹ ጎን አቀረብን።

ፅናት ሦስተኛ ክፍል ናት፣ የእናቷን ጽሑፍ ታነባለች፤
«እማዬ፣ ሐሙስን እኮ ነው የምንበላው!» ብላ ጮኸች።
ጋሽ ደባልቄ፣ ጉርሻው አፉ ጋ ሳይደርስ፣ ደነገጠ፤
«ማክሰኞ አይደለም እንዴ? ቀጠሮዬ አመለጠ?»

ነገሩ ሲገባው ሳቀ፣ እንባው እስኪወርድ። ትንሹም፣ ምንም ያልገባው፣ አብሮ።
እኔም ሳቅሁ፤
ስድስት እንቁላል የወጣበት ሳቅ ነው፣ ለምን ይቅርብኝ።

ረቡዕ ሽሮ። ጋሽ ደባልቄ ሄደ፤ ጉዳዩ ለኅዳር ተቀጠረ።
ማታውን መብራት ጠፋ፤ ሐሙስንም እንደጠፋ ሳይመጣ ቀረ።
ደብተሩን ገለጥኩ፤ የሐሙስ ሳጥን ከነክቡ፣ የተበላ ቀን፤
ትንሹ ባዶ ሳህን ይዞ ይዞራል፣ «ሐሙስን ማን በላው?» እያለ ሊያሳጣን።

በር ተንኳኳ። ሻምሲያ፣ ከሁለተኛ ፎቅ፣ በእጇ የፕላስቲክ ዕቃ፤
«ማቀዝቀዣው ቀለጠብኝ፤ ቁሌት ነው፣ ሥጋ አልነካውም፣ ሳይበላሽ ውሰጂው በቃ።»
ክዳኑ ላይ ፕላስተር፣ ፕላስተሩ ላይ በእስክሪብቶ «ቅዳሜ» ይላል።
ለካ እሷም ሳጥን ታሰምራለች፤ የእሷ ግን ይከደናል።

በረንዳ ላይ ከሰል አያያዝን፣ ፓስታ ቀቀልን፣ ቅዳሜዋን ደፋንበት፤
ትንሹ የሳህኑ አበባ እስኪወጣ፣ በሻማ ብርሃን፣ ዳቦ ጠረገበት።

ሲተኙ ደብተሩን አወጣሁ።
ለደሞዝ የያዝኩትን ቦታ፣ ያን ባዶ የተውኩትን ሳጥን፣
ዕዳ ቀድሞ ሞላው፦
«የሻምሲያ ቅዳሜ፣ አንድ። ያልተመለሰ።»

ከዚያ ገጹን ገልብጬ የመጪውን እሁድ ዝርዝር ጀመርኩ።
ሽንኩርት፣ ሁለት ኪሎ።
ሰረዝኩ።
ሦስት።