የቸርኬው ድምፅ

ደወል አልነበረም፤ ቸርኬ ነው የነበረ፣
ካንድ አሮጌ ካሚዮን ተፈትቶ የቀረ።

ሐዋሳ ያን ጊዜ ችካልና ገመድ፣
ግማሹ ቄጤማ፣ ግማሹ ረግረግ መንገድ።
አባ ሴቬሪኖ ከነሻንጣቸው
ሦስት ቀን ጭቃ ላይ መኪና ቆሞባቸው፣
"እዚሁ ይሁን" አሉ።
ሚሲዮኑ ሲቆም እንዲህ ነው ይላሉ፤
በራእይ አይደለም፣ በመልአክ ብሥራት፣
በተሰበረ ባሌስትራ፣ በሐምሌ ዝናብ ምክንያት።

አባቴ ላንቃሞ ሊገፋ ነው የመጣው፣
ሃይማኖት አይደለም፣ ስሙኒ ነው ያመጣው።
ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ፤ እምቢ አለ መኪናው፤
ቸርኬውን ፈታና ዋርካው ላይ ሰቀለው።
ንጋት ላይ በመፍቻ አንድ ጊዜ መታው፤
አባ ኮዳ ተነሣ፣ ጉማሬውም ሰማው።

በጥምቀት መዝገቡ፣ በአንደኛው ቅጠል፣
አባቴ "ጴጥሮስ" ነው፤ ቀለሙ ሰማያዊ፣ ፊደሉ ዘመም የሚል።
ግን ጴጥሮስ ብሎ የጠራው ሰው የለም፣
እናቴም አልጠራች፣ ጎረቤት፣ ማንም።
አንዴ ብቻ፣ ታሞ፣
"ጴጥሮስ ነኝ" አላት፤ ሳቀች፤ "ተኛ፣ ላንቃሞ!"

ሲስተር ኢርማ መጣች፣ ክሊኒክ ከፈተች፣
ቋንቋውን ስትለምድ ግሱን እየሳተች፤
"ምላስህን አውጣ" ስትል ለወባ በሽተኛ
"ምላስህን ሽጥልኝ" ይሆናል በሲዳምኛ።
ሰው እየተንቀጠቀጠ
"በስንት?" ይላታል፤ ያኔ ነው ወረፋው በሳቅ የቀለጠ።

ኋላ ያ ዘመን መጣ፣ ካኪ የለበሰ፣
ትምህርት ቤቱን ቆጥሮ ክሊኒኩን ወረሰ።
አባን ባንድ ሻንጣ ባውቶቡስ ሸኘ፤
መዝገቡን ፈለገ፤ አልተገኘ።
ቆጮ ጉድጓድ ነበር፣ በእንሰት ቅጠል ታስሮ፣
ሦስት መቶ ስም ይዞ ከሊጡ ጋር ተቀብሮ።

ቸርኬውን ግን ወሰዱ፣ ለቀበሌ ስብሰባ።
ሰኞ ሲደበደብ፣ ሰው ከየማሳው ሲገባ፣
አሮጊቷ ዳንጊሴ ጎንበስ ትላለች፣
በመዳፏ ውስጥ በአውራ ጣቷ ታማትባለች።
ሊቀመንበሩም ሪፖርቱን ጻፈ፦
"የእኛ ቀበሌ ሁሉን አሸነፈ፤
ሕዝቡ ጥሪው ሳያልቅ ይደርሳል፣ ቆቡንም ያወልቃል።"
ምን ያውቃል?

ያ ዘመን ሲወድቅ ቁራሌው አገኘው፣
ሚዛን ላይ አወጣው፣ በኪሎ ሊሸጠው።
ምእመኑ ተሰብስቦ ሳንቲም ሲያዋጣ
ከዘራ የያዘ ሽማግሌ መጣ፤
ያው ሊቀመንበሩ።
አሥር ብሩን ቆጥሮ ከሳንቲሙ መሐል አስቀመጠ፣
አልተናገረም፤ አልጠየቅነውም፤ ዋርካው ሥር ጥቂት ተቀመጠ።

አሁን የውጭ ደወል አለን፣ በኮረንቲ የሚጮህ፤
ቸርኬው የሚመታው መብራት ሲሄድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ነው እንግዲህ።

ወጣቱ አባ ዱካሌ ኮምፒውተር አስመጥተው
"መዝገቡን ገልብጪው" አሉኝ፣ "ምስጥ ሳይጨርሰው።"
ቁጥር አንድ ላይ ቆምኩ። ቅጹ "የክርስትና ስም" ይላል፤
"ጴጥሮስ" ብዬ ጻፍኩ፤ ጣቴ ግን መለስ ይላል፣
ሣጥን ባልተሰጠው፣ በዳሩ ነጭ ላይ፣
"ላንቃሞ" ልጨምር፣ የልጅ ልጅ እንዲያይ።
ማሽኑ እምቢ አለ። ገፋሁት።
እንደገና ገፋሁት።

ከዚያ አሮጌውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።
"ይሸታል" አሉ አባ ዱካሌ፤ "አውጪውና ፀሐይ እናስመታው።"
ተዉት አልኳቸው። ቆጮ ነው።