ቁጥር ሦስት

ለሙከራ የተሠራ፣ ለገበያ ያልወጣ፣
ስም እንኳ ሳይወጣለት ከፋብሪካው የመጣ፤
ቀለበቱ ላይ ሦስት ዜሮ፣ ከዜሮው ኋላ ሦስት፤
ይህን ሌንስ ስፈልግ ነው ዕድሜዬ ያለቀው በሰው ቤት።

ሚስቴ እንደሆን ቆጥራለች፤ «ካሜራው አንድ፣ ዐይኑ አርባ፣
የኪራይ ቀን ሲደርስ ግን አንዱም ዐይን አያነባ!»

ሰዓት ሠሪው እንዳላማው ነው ወሬውን ያቀበለኝ፤
«ብቸና ፎቶ ልየው የሚባል ቤት ነበር፣» አለኝ።
ልየው፤
ስሙንም ሙያውንም ባንድ ሰሌዳ የጻፈው።

ከማርቆስ በሌሊት ወጣሁ፣ በደጀን በኩል ዞሬ፣
እግሩ የተሰበረ መነጽሬን በክር አሥሬ፤
ጭቃ፣ የጤፍ ጆንያ፣ ጉልበቴ ላይ የሰው ዶሮ፤
ለሙሽራዬ እንኳ እንዲህ ሆኜ አልሄድኩም ድሮ።

ልየው ከሞተ ቆይቷል። እመት አስካል ናቸው ያሉት።
ግድግዳው ላይ የከተማው ሰው፣ እሱ ያነሣቸው በሕይወት፤
ሙሽራው፣ ዲያቆኑ፣ ወታደሩ፣ አፍንጫቸው እንደ መርፌ፣
ጆሯቸው ግን ጉም ውስጥ። አወቅሁት፣ ልቤን በእጄ ደግፌ፤
መሐሉን አጥርቶ አይቶ ዳር ዳሩን የሚረሳ፣
ሠሪዎቹ የጣሉት በዚህች በአንዲት አበሳ።

«ሌንሱስ?» ብል፣ ከተዘረጋው ዳዊት ላይ አነሡት፤
ዐይናቸው ስለደከመ ፊደል ማጉያ አርገውት።

ብር ቆጠርኩ። የኪራዩን ጨመርኩ። ፍንክች የሉም።
«ብርህ ፊደል አያጎላም፤ ዳዊቴን በምን ልድገም?»

ዝም አልኩ።
ከዚያ ክሩን ፈትቼ መነጽሬን ሰጠኋቸው፤
አንድ ገጽ ገለጥ አረጉ፣ ፈታ አለ ግንባራቸው፤
«ውይ፣ ነጥቡ ሳይቀር!» አሉ።
ሌንሱን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉት ጥርሴን ነከስኩ፤
በሁለት እጅ ሰጡኝ፣ በሁለት እጅ ተቀበልኩ።

በመመለሻው አውቶቡስ፣ መስኮቱን ተደግፌ፣
ቁጥሩን ላነብ አዞርኩት ከመሐረብ ውስጥ ገልፌ፤
ዐይኔ ላይ ሁሉም ጉም፤
ሦስት ይሁን ስምንት፣ እውነት ለመናገር፣ አላውቅም።
ማዶ ቾቄ ተራራ ሁለት ሆኖ ቆሟል፤
ካሜራዬ ቢሆን ባዞርኩት፣ አንዱ ካንዱ ይገጥማል።

ጥፍሬን በቅርጹ ላይ ቀስ እያልኩ ሳስኬደው፣
ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ...
«ደጀን!» አለ ረዳቱ፣ «ወራጅ ማነው?»