የወዝ ሂሳብ

ገና በአንድ ሰዓት፣ ድንጋዩ ሳይሞቅ፣
አሸዋው ከጋሪ ገና ሳይወድቅ፣
ከኪሴ አወጣና ያቺን ነጭ ቅባት
ጆሮዬ፣ አንገቴ፣ አፍንጫዬ ላይ ሳሻት፣
"ሙሽራው!" ይለኛል ዋኘው ከማዶ፣
"ማን ሊዳር ነው ደግሞ እንዲህ በጧት ማልዶ?"
ስቄ ዝም እላለሁ።

ሌላው ሰው ሲወለድ
ጥላውን ከቆዳው ሥር አሰፍቶ ነው የሚመጣ፤
የኔን ግን፣ ሰፊው ዘንግቶት ይሁን ክሩ አልቆበት፣
ጥላዬ ከኋላ ቀርቶ ብቻዬን ነው የመጣሁ።
ፀጉሬ የጭድ ቀለም፣ ሽፋሽፍቴም፤
ፀሐይ ከአንገረብ ማዶ ብቅ ስትል
እንደ አበዳሪ ሰው ቤቴን አትስትም።

ሐኪሟ ነግራኛለች፦ "በየሁለት ሰዓቱ ደግመህ ተቀባ፤
ካላበህ አትጠብቅ። ላቡን አትፈግፍገው፣
በንጹሕ ጨርቅ ተጫነው፤
ቆዳህ ሲደርቅ ነው ቅባቱ፣ ወደ ዓይንህ እንዳይገባ።"
ደግ ናት። ድንጋይ ግን ፈልጣ አታውቅም፤
ከአራት ሰዓት ወዲያ እኔ ወንዝ ነኝ፣
ቀሃ በበጋ ቢደርቅ እኔ አልደርቅም።

አንዷ ቱቦ ቅባት የሦስት ቀን ላብ፤
ላቤ ነው የገዛት፣
ላቤ ነው ያጠባት።
ቁጭ ብዬ ባሰላው አልገጥም አለኝ ሂሳብ።

ከባርኔጣው ጠርዝ ሥር ተነስቶ በቅንድቤ ይወርዳል፣
ቅባቱን አዝሎ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣
ይለበልበኛል፤
መሮው ስቶ መዶሻው አውራ ጣቴን ያገኛል።
ወዝ ይሉታል አባቶች። ፊት ሲያምርም ወዝ ነው፣ ላብ ሲፈስም ወዝ፤
ወዛደር መባሌስ ለዚህ ይሆን፣ የላብ መዘዝ?
የኔ ወዝ ግን ጉድ ነው፤
በቀኝ እጁ እንጀራ ያጎርሰኛል፣
በግራው ካባዬን ይገፍፈኛል።

"ሙቀቱ አይገድልህም፣ በዚህ ኮትና ፎጣ?"
ይላሉ መንገደኞች።
ሙቀት ማታ ይሄዳል። ቃጠሎ ነው አዳሪው፣ እቤት አብሮኝ የሚመጣ።
አምና ጆሮዬ ጫፍ ላይ አንድ ቁስል
ክረምቱን ሙሉ አልሽር ሲል
ቆርጣ አወጣችው ሐኪሟ፤ የባቄላ ግማሽ ጎደለኝ።
ቀሪውን ጆሮ ልጠብቅበት ነው ኮቱ፣ አታሹፉብኝ።

"ጃንጥላ ያዝ" ይሉኛል። በየትኛው እጄ?
መሮና መዶሻውን ለማን ሰጥቼ፣ ለልጄ?
ስሙም እኮ የጃን ነው፣ የንጉሥ ጥላ፤
ንጉሥ ይጠለልበታል እንጂ መች ይይዘዋል፣
ያዡ ሌላ።

አንድ ሰኞ አለቃችን አዛናው፣
ብዙ የማይናገር ሰው፣
የኮብልስቶኑን ሲባጎ ፈትቶ
ከግቢው ግንብ ጥግ እንደ አዲስ ወጠረው።
"ከዛሬ ጀምሮ ጧት በምዕራቡ በኩል፣
ከሰዓት በምሥራቁ" አለ።
"ለምን?" ሲል ዋኘው፣
"ድንጋዩ እንዲገጥም" ብሎ ቋጨው።

ውሸቱን ነበር።
በአራት ሰዓት ቀና ስል፣ የግንቡ ጥላ
ከአንገቴ እስከ ወገቤ ወድቋል፣ እንደ ቡልኮ ተዘርግቶ፤
ለካ ጥላውን ነበር የለካው፣
እሑድ ብቻውን መጥቶ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጥላው አጥሮ ግንቡ ሥር ይገባል፤
እኛም ጃንተከል ዋርካው ሥር ምሳ እንበላለን።
ዋኘው ፎጣዬን አንስቶ ማጅራቴን ይጫነዋል፤
አይፈገፍግም፣ ከማን እንደሰማ እንጃ።
"እዚህ ጋ አልደረስክም፣ ሙሽራው" ይላል፣
ከቱቦዋ ቆጥቦ ጠብ ያደርግና
በአውራ ጣቱ ያሻል።
ጣቱ አሸዋ አለበት። ይፍቀኛል።
አንገቴን ደፍቼ እቀመጣለሁ።