የጥበቃ ፈረቃ

ሬሖቮት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት። ቤተ ሙከራው ጭር ብሏል፤
በአጉሊ መነጽሬ ሥር ግን ጩኸት አለ።
እነዚያ ነጫጭ የደም ዘቦች፣
ስኳር በበዛበት ውኃ ስላደሩ፣
ሌባ በሌለበት ደጅ ይተኩሳሉ፣
የሚጠብቁትን ቤት በእሳት ይለኩሳሉ።
ኢንሱሊን ጠብ አደርግላቸዋለሁ፤
ገሚሱ ይሰማል፣ ጠመንጃውን ያወርዳል፤
ገሚሱ ጆሮው ደንቁሯል፣ እንደ ነደደ ያድራል።
ለምን? ብለው ቢጠይቁኝ፣ ገና አላውቅም።

አባቴም ዘብ ነው። ገብያው፣ የገበያ በር ጠባቂ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ቦርሳ ሲያስከፍት
አንድ ቀን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ።
ለሐኑካ የሰጡትን ሱፍጋንያ በላ፣
"ሰው አክብሮ ሲሰጥ እንቢ ይባላል?" እያለ፣
አራቱንም።
የእግር ጣቱ ላይ ያለችው ቁስል ግን
ከዳስ በዓል ጀምሮ
ጥቁር ቡትሱ ውስጥ ተደብቃ
አሸልባ ትነቃለች፣ አሸልባ ትነቃለች።

ጠዋት ስገባ ጫማውን ልፈታለት ተንበረከክሁ።
የሰው ጓዝ ሲፈትሽ የኖረ ሰው ደነገጠ፤
ከዚያ ሳቅ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ፣
"ፈትሺ" አለኝ፤ "ምንም አልያዝኩም።"