በዳቦ ከረጢት የመጣ አፈር

ማክሰኞ ማለዳ፣ ኮርዶባ ሳይሞቅ፣
ኤውሎሂዮ ቆሟል ከቤተ ሙከራው ደጅ ተራ ሲጠብቅ፤
በዳቦ ከረጢት አፈር ቋጥሮ ይዟል፣
ፍርፋሪው ሳይቀር አብሮት ተደባልቋል።

«የወይራዬ ማሳ ዳር እስከ ዳር ዳማ፣
አንዲት ጥግ ብቻዋን በርበሬ መሰለች፤ ማነው የሚሰማ?
አባቴን ጠየቅሁት፤ ‹ተው፣ አትቆፍር› አለኝ፤
እሱም ዝም እንዳለ ሞተ፤ አንቺ ንገሪኝ።»

የኔ ቋንቋ ለዚህ የቆየ ቃል አለው፦
የማይወራውን ነገር ሆድ ይፍጀው የሚለው።
አላልኩትም። ተቀበልኩት።
ቁጥር ለጠፍኩበት፦ አርባ ሰባት።

መጀመሪያ ዓይን ነው። የቀለም መጽሐፉን ከመስኮቱ ሥር ዘረጋሁ፣
ጥፍር የምታህል አፈር አርጥቤ ከካርዱ ጎን አስጠጋሁ።
ሄማታይት እኮ ቁንጥሩ ጆንያ ሙሉ የሚያቀላ፣
እህቱ ጎታይት በቁጥር ብትበልጥም ብጫዋ የሚበላ፤
ዓይን ቸኩሎ ይምላል፣
ብልቃጥ ግን ቀስ ይላል።

ኦክሳሌት ጨለማ ይወዳል፤ ብርሃን ካየ ይዋሻል።
በጥቁር ጨርቅ ጠቅልዬ ሁለት ሰዓት አስነቀነቅሁት፤
ጥሬ ዝገት፣ ገና መልኩ ያልጸና ብረት፣
በጨለማ ይወጣል። የወጣው ኢምንት።
አሮጌ ነው ማለት።

ቀጥሎ ዲታዮናይት፣ ክብሪት ክብሪት የሚሸት፤
በፈላ ውሃ ጎን፣ ጓንት አጥልቆ፣ ቀዩን ሲያነጣው ማየት!
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያ በርበሬ ፊቱ
አመድ ለብሶ ቀረ፤ ወዴት ሄደ ደም ግባቱ?
ፉዌንሳንታ ሳቀች፦ «ልብሱን አወለቅሽው፣
አሁን ከነዕርቃኑ ሸክላውን አየሽው።»

ሌላውን ቁንጥር ለጨረር ሰጠነው።
የመዳብ ጨረር ብረትን ያስጮኸዋል፣
ጩኸቱም ምስክሩን ያፍነዋል፤
ስለዚህ ኮባልት ተከልን፤ ሌሊቱን ማዕዘን በማዕዘን ሲዞር አደረ።
ጠዋት ሄማታይት እንደ ጠበቅነው፣ ጎታይትም ነበረ፤
ከሁለቱ አጠገብ ግን አንዲት አጭር ጉብታ
ያልጠራናት መጥታ።

ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦

ናሙና 47።
ማግኔት አስጠጋሁ።
ዱቄቱ ተነሥቶ ቆመ።

ማግሄማይት። ሥርና ቅጠል ከአፈር ጋር አብሮ ሲነድ
ከጎታይት የሚወለድ።
«አትቸኩይ» አለች ፉዌንሳንታ፤ «ያለ እሳትም ይወለዳል፤
ከቡኒው አምጪና አስተያዪ፤ ያኔ ይለያል።»
ቅዳሜ ከወይራው መሀል ሄጄ፣ ዐሥር እርምጃ ርቄ ቆፈርኩ፣
ከቀዩ ጥግም ከሥሩ፣ ከክንድ በታች ዘገንኩ፤
ማግኔቱ ሁለቱንም ንቆ አለፋቸው።
እሳቱ ከላይ ነበር፤ እሳቱ እዚያችው ጥግ ላይ ነው።

ደወልኩለት። «ጥጓ ስንት በስንት ናት?»
«አራት እርምጃ በስድስት።»
ከዚያ ምንም።
ከስልኩ ወዲያ አንድ ውሻ ጮኸ፣ በር ተዘጋ፣ ቆይቶ፦
«የቤት ስፋት ናት» አለ፤ ድምፁ ከሩቅ መጥቶ።
«ወረቀትሽ ማን እንዳነደደው ይላል?»
«አፈር ስሆንልህ፣ አባቴ፣ ይህን አይልም፤
ሙቀቱን ይላል እንጂ ክብሪቱን አይልም።»

በሳምንቱ መጣ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ አላነበበውም፤
«የተረፈውን መልሽልኝ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።
ፍርፋሪውን በወንፊት ለይቼለት ነበር፤
«ለምን ለየሽው?» አለ፤ መልስ አልነበረኝም።

እኛ ለሞተ ሰው አፈሩን ገለባ ያድርግለት እንላለን።
ለማን እንደምል አላወቅሁም፤ ስም የለኝም፤ ስንት እንደነበሩም።
በልቤ ብቻ አልኩና፣ ከመዝገብ ለማውጣት፣ እንደ ደንቡ፣
ከረጢቱን ከነፍርፋሪው ሚዛን ላይ አኖርኩት።

ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ግራም።