ሙጫና ቅቤ

ረቡዕ ረቡዕ ነው የታውኖ ተራ፤
ከኩህሞ ወዲያ፣ መንገዱ ሲያበቃ፣ ከሐይቁ ጋራ።
ሻንጣዬ ውስጥ አለ ፋሻና መቀሱ፣
ብር የተቀባ ጨርቅ፣ ዋጋው የሚያስለቅስ፣ ጥቅሉ ማነሱ፤
ቁስል የምለካበት የወረቀት ማስመሪያ፣
ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ጥልቀቱን መጻፊያ።

ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። እግሩ ግን ከሱም ያረጀ፣
ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጉድጓድ የተበጀ፣
ዙሪያው እንደ ጉበት የጠቆረ፣ መሐሉ ቢጫ፣
ሁለት ክረምት ሙሉ ያላገኘ መቋጫ።

«በሽታውን የደበቀ…» ይላል ያገሬ ሰው፤
ይህ ሽማግሌ ግን የደበቀው ከልጁ ነው።
ከኦውሉ ደውላ «እግርህስ?» ስትለው፣
«ይሮጣል» ይላታል፣ በርጩማ ላይ ሰቅሎ እያየው።

አንድ ረቡዕ ብገባ፣ ሂልካ ጎረቤቱ
ምድጃው ሥር ቆማለች፣ በእጇ ማማሰያ፣ እየፈላ ድስቱ።
እኛ አገር «የፈረንጅ ጥድ» ነው፤ እዚህ ጥድ ብቻ ነው ስሙ፤
ሂልካ ጥዱን ጥዳ ቤቱን አጠነችው፣ እስከ ወለል እስከ ቀለሙ።
ከግንድ የተፋቀ ሙጫ፣ እንደ ደረቀ ማር፣
ጨው ያልነካው ቅቤ፤ በወንፊት ሊጠል፣ ቅርፊቱ ሊቀር።
«እናቴ ለላም ጡት፣ ለአባቴም መጥረቢያ ለሳተው፣
ለኔም እሳት ለበላኝ፣ ይህንኑ ነው የቀባችው።»

እኔ ነርስ ነኝ። እጄን አጣምሬ ቆምሁ።
«ንጹሕ ነው?» አልሁ። «በደንብ ፈልቷል? አለርጂስ?» አልሁ።
እሷ ጨርቅ ዘርግታ አሳስታ ቀባች፣
«ዛፉን ጠይቂው» አለች፣
«ሲቆስል ማን አከመው?»

ታውኖ ሳቀ። አልፎ አልፎ ነው የሚስቅ።
«አርባ ዓመት በመጋዝ ስገዘግዛቸው፣ ቅርፊታቸውን ስልጥ ስፍቅ፣
ጃኬቴ ላይ ሲያለቅሱ፣ ሚስቴ ስታጥብ ስትራገም፣ አልለቅ ሲላት ሲደርቅ፣
ቁስላቸውን እየደፈኑ እንደነበር ማን ያውቅ?
አሁን ደግሞ ፋሻቸውን ገፈን ለኔ እግር።
ዕዳ ነው፣ ነርሲቱ። ዕዳ የማይቆጠር።»

ለሐኪሙ ደወልሁ። ጥቂት ዝም አለና፣
«ካላሳከከው ይሁን» አለኝ፣ «ግን ማጥበቂያውን ፋሻ እንዳትተዪ፤ ለኪም እንደገና።»

ለካሁ።
ኅዳር፣ አምስት በአራት። ታኅሣሥ፣ አምስት በአራት። ምንም።
ጥር ላይ አራት ተኩል፤ ደስ አለኝ፣ ግን አላመንሁም።
ሳምንት ቆይቶ ተመልሶ አምስት፤
ሂልካ «ጨረቃዋ ናት» ስትል አልሳቅሁም።
የካቲት ሲያልቅ ሦስት በሁለት፤ ዳር ዳሩ እንደ ሕፃን ከንፈር፣
ስስ ቆዳ፣ ወደ መሐል ሲያድር።

ሙጫው ነው? ማጥበቂያው ነው? እግሩን መስቀሉ?
ወይስ ማታ ማታ ሂልካ ስትመጣ፣ ካርታ ሲጫወቱ፣ ሲጣሉ?
አላውቅም።
ኮምፒውተሩ ላይ «ሙጫ» የሚል ሣጥን አጣሁለት፤
«ሌላ» የሚል አለ፣ እዚያ ከተትሁት።
እዚያው ሣጥን ውስጥ ነው እኔም፣ ስቀጠር፣ ዜግነቴን የሞላሁት።

መጋቢት ላይ ሂልካ ቢላዋ ሰጠችኝ። ሙጫው አልቋል።
ከማገዶው ቤት ጀርባ፣ አውሎ ክንዱን የገነጠለው ጥድ ቆሟል።
«የደረቀውን ብቻ» አለች፣ «የሚንጠባጠበውን ተዪለት፤
እሱ የራሱ ነው።» በረዶው እስከ ጉልበቴ ነበረ። ፋቅሁለት፣
ወይም ፋቅሁበት።

መሪው ላይ ተጣበቀ። ማርሹ ላይ። በቁልፉ ጥርስ።
ቀጣዩ ቤት ደርሼ በሳሙና ብፈትግ፣ አንድ ጠርሙስ ብጨርስ፣
አልለቅ አለኝ።
«ትንሽ ቅቤ» አልኋቸው፣
ባልና ሚስቱን፣ በሩ ላይ እንደቆምሁ፣ ደህና አደራችሁም ሳልላቸው።
«ሂልካ ጋ ነበርሽ» አሉኝ፣
መዳፌን ገና ሳላሳያቸው።