ልክ መውሰጃ

ዜናው ሊጀምር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው፣
ቢጁ በጣቱ ይጠራኛል። መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌው፣
ጓንቴን ኪሴ ከትቼ እወጣለሁ ከመድረኩ፤
ዜና አንባቢዋ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ከሷ ቁመት ጋር ነው ቁመቴ፣ ልክ በልኩ።

«ሉባባ፣ አገጭሽን ዝቅ። ትንሽ ወደ ግራ። እንደሱ።»
አምፖሎቹ ተራ በተራ ወደ ፊቴ ሲመለሱ
ጉንጬ ይግላል። ካሜራ አንድ ፊት ለፊት፣ ከግንባሬ፤
ካሜራ ሁለት ከጎን፤ ሦስተኛው ከሩቅ፣ ከነጠረጴዛው፣ ከነወንበሬ።

ከኋላዬ ባሕር አለ፣ ፎቆች አሉ፣ የማይነጋ የማናማ ምሽት፤
ሸራ ነው፤ ታችኛው ጥግ ላይ የተላጠ ጠርዙን የማውቅለት።
እውነተኛው ከተማ ደጅ ነው፤ ከቀትር ጀምሮ አሸዋ ለብሷል፤
ሸራው ላይ ግን ሰማዩ፣ ታጥቦ እንደተደፋ ብርጭቆ፣ ጠርቷል።

ፍሬሙ ከደረት ያበቃል።
ከዚያ በታች ያለው ለኔ ተትቷል፦
የወለቀ ባለተረከዝ ጫማዋ፣ በፕላስተር የታሰረ ሽቦ፣
የብስኩት ፍርፋሪ፤ የወንበሩን እግር አረንጓዴ ቴፕ ዙሪያውን ከብቦ።
«ካሜራ ለማያየው አትልፊ» ይላል አለቃው፣ ሰዓቱን አይቶ፤
እኔ ግን ተንበርክኬ እወለውለዋለሁ። እጄ እንጃለት፣ ማለፍ አያውቅም ትቶ።

ስትመጣ እነሳለሁ። ቢጁ ብርሃኑን ይቀንሳል፤
«ላንቺ የበቃው ለሷ ይበዛል» ብሎ፣ ክፋት የለበትም፣ ይስቃል።
«ወንበሩ ሞቋል» ትላለች። ማን እንዳሞቀው ግን አትጠይቅም።

አርብ ማታ እናቴ ጋ ስደውል ስልኬን በሩዝ ጆንያ አስደግፌ፣
ስድስቱን አልጋ ቆርጬ፣ የተሰጣውን ልብስ አልፌ፣
ነጩን ግድግዳ ብቻ፣ አንዲት የፕላስቲክ አበባ አስገባለሁ፤
አገጬን ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ግራ፤ እንደሱ፤ እስቃለሁ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ቤትሽ ሰፊ ነው» ትለኛለች ከሐርቡ፤
ከኋላዋም ቀለሙ ያልደበዘዘ ግድግዳ፤ መጋረጃው ላይ ጽጌረዳዎች ሲያብቡ።
«በላክሽው ብር ነው» አለች፤ «ቤቱ ታደሰ፣ ቆርቆሮው ተመታ።»
ወንድሜ ነው ስልኩን የያዘላት፤ ክንዱ ዝሎ፣ አንዳፍታ፣
አዘነበለ። መጋረጃው አለቀ።

የነጦይባ ቁም ሳጥን። የነጦይባ ቴሌቪዥን።
የነጦይባ ሳሎን።

ዝም አልኩ፣ ሁለት ትንፋሽ ያህል።
«ሙሂዬ፣ ስልኩን ትንሽ ወደ ቀኝ... አሁን ዝቅ...
እንደሱ።
በቃ፣ ልክ ነው። እንዳታነቃንቀው።»